ጊታር እየተውኩ፣ እየጀመርኩ

ጊታር መማር የጀመርኩት ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ በኋላ ነው። ልጅ ወልጄ፣ ሥራ ይዤ፣ ዕድርም ዕቁብም ገብቼ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደተውኩት፣ ስንቴ እንደጀመርኩት መቁጠር ትቻለሁ። አንዳንዴ ማታ ማታ ሳላቋርጥ እይዘዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ወራት ሙሉ ቦርሳው ውስጥ ይተኛል። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «እየተማርኩ ነው» እላለሁ። ከልቤ ነው የምለው።

ዐዋቂ ሰው ጊታር የሚከብደው ጣቱ ስለደረቀና ጊዜ ስለሌለው ነው ይባላል። ጊዜ እንደሌለን እውነት ነው። ጣትም እውነት ነው። እኔ ግን እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊታር አልጋ ሥር የሚቀረው በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። ሲያስጀምሩን ጆሯችን ከማያውቀው ዘፈን ነው የሚያስጀምሩን። በዕድሜ የገፋ ተማሪ ከልጅ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ለሠላሳ፣ ለአርባ ዓመት ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው። ያንን ጆሮ ውጪ አስቀምጠነው እንገባለን።

መጀመሪያ የተማርኩት ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ ወጣት አስተማሪ ጋ ነበር። ጨዋና ታጋሽ ልጅ ነው። «እህቴ፣ ቀስ ብለሽ» ይለኛል። የሰጠኝ ወረቀት ከአንድ የውጭ መማሪያ መጽሐፍ ፎቶኮፒ የተደረገ ነው። ሲ ሜጀር፣ ጂ ሜጀር፣ ዲ ሜጀር፣ ኢ ማይነር። አንዱን ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን፣ ይዞ አራት መምታት፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ። ከኮርዶቹ በታች ዘፈን ተጽፏል። ዘፈኖቹ የአሜሪካ ገበሬ ከፈረስ ጋር የሚያወራባቸው ዓይነት ናቸው። አንዱንም ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ የምጫወተው ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ አስተማሪው ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ዳኛ የለም። ቤት ገብቼ ብቻዬን ስለማመድ ጨለማ ውስጥ ነኝ።

ከዚያ ኤፍ ኮርድ መጣ። ጊታር የነካ ሁሉ ያውቀዋል። አመልካች ጣት በአንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተሰደሩት ብረቶች የመጀመሪያው) ላይ ተጋድሞ ክሮቹን በሙሉ ይጫናል፣ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ደግሞ የራሳቸውን ቦታ ይይዛሉ። አንደኛው ፍሬት ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ክሩ ከሚያርፍበት ጫፍ አጠገብ ስለሆነ በቀላሉ አይታጠፍም። አውራ ጣቴ ሥር ያለው ጡንቻ እስኪንቀጠቀጥ እጫናለሁ። ከስድስቱ ክሮች ሁለቱ ይሰማሉ፣ አራቱ ቱክ ቱክ ይላሉ። የጣቶቼ ጫፍ ውኃ ቋጠረ። ሽንኩርት ስከትፍ ያቃጥለኛል። በማግሥቱ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ስመታ ይታወቀኛል።

የፌንደር ጊታር ኩባንያን ይመራ የነበረው አንዲ ሙኒ ደጋግሞ የተናገረው ነገር አለ። ጊታር ገዝተው ከሚጀምሩ ሰዎች 90 ከመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይተዉታል ይላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት ጊታር ማስተማር የጀመረውም አንዱ ለዚሁ ነው፤ የሚተወው ሰው ሁለተኛ ጊታር አይገዛም። ይህንን ቁጥር ሳነብ መጀመሪያ ተጽናናሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከነከነኝ። እነዚያ ሰዎች በአብዛኛው የሚማሩት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በመኪና ሬዲዮ የሰሙትን የራሳቸውን ዘፈን ነው። እነሱ እንኳ ይህን ያህል ከተዉ፣ የሰው ዘፈን ይዞ የሚጀምረው የኔ ቢጤ እንዴት ይዝለቅ?

ወደ ዋናው ነገር ከመሄዴ በፊት ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጀማሪ በከንቱ የሚሰቃየው እዚህ ላይ ነውና። የገዛሁት ርካሽ የቻይና አኩስቲክ ጊታር ነው፤ የብረት ክር ያለው። ሱቁ ከካርቶን አውጥቶ ሸጠልኝ። ማንም አልነካካውም፣ አላስተካከለውም። ከጣቴ ጋር ስታገል ከርሜ አንድ ቀን ዕቃ የሚጠግኑ ጎልማሳ ሰውዬ ጋ ወሰድኩት። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በአንገቱ ርዝመት አዩት። ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ትንሽ የብረት ማስመሪያ አቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ጣት አይደለም የሚፈልገው፣ ፒንሳ ነው» አሉኝ።

ክሩ ከፍሬቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ ተንሳፍፏል። ለአኩስቲክ ጊታር ደኅና የሚባለው 2 ተኩል አካባቢ ነው። ታች ክሮቹ የሚያርፉበትን ነጭ ፕላስቲክ አውጥተው በብርጭቆ ወረቀት ላይ ሞረዱት፣ መለሱት፣ ለኩ፣ እንደገና አወጡት። ላይ ራሱ ጋ ያለውንም ጎድጎድ ጎድጎድ በቀጭን ሞረድ ጠለቅ አደረጉት። ከዚያ ክሩን ከ12 ወደ 10 ቀየሩልኝ። ቁጥሩ የቀጭኗ ክር ውፍረት ነው፣ በኢንች ሺህኛ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን በ12 ቁጥር ስድስቱ ክሮች ተደምረው የጊታሩን አንገት ከ70 ኪሎ በላይ በሚሆን ኃይል ይወጥሩታል፤ በ10 ቁጥር ወደ 60 ይወርዳል። ውጥረቱ ሲቀንስ ለጣትም ይቀላል። በዚያው ቀን ማታ ኤፍ ኮርድ ከስድስቱ አምስቱ ክር ጮኸልኝ። ጡንቻዬ አንድ ቀን ውስጥ አልጠነከረም። ዕቃው ነው የተስተካከለው። ልጅ ጊታር ገዝታችሁ «አይሆንለትም» ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አስፈትሹ።

የአየራችንም ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ይደርቃል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የፍሬቶቹ ብረት ግን አይኮማተርም። ጥር ላይ እጄን በጊታሩ አንገት ጠርዝ ሳንሸራትት የፍሬቶቹ ጫፍ ይቧጥጠኛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል። አሁን በበጋ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ ጊታሩ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ይኸው ነው፣ ብዙ ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው።

እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። እኔ ወንበር ይዤ ጥግ ላይ ነኝ። ኮርድ ሰልችቶኝ ክር በክር እየነካካሁ ነው። አምስተኛው ክር (ከቀጭኗ ሲቆጠር) ሦስተኛ ፍሬት፣ ዶ። አራተኛው ክር ባዶውን፣ ሬ። እዚያው ሁለተኛ ፍሬት፣ ሚ። ሦስተኛው ክር ባዶውን፣ ሶል። እዚያው ሁለተኛ ፍሬት፣ ላ። ሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት፣ ላይኛው ዶ። ወጣሁ፣ ወረድኩ። እንደገና ወጣሁ። ስወርድ ሶል ላይ ትንሽ ቆየሁና ሚ ላይ አረፍኩ።

የምስሩ ድምፅ ቆመ። እናቴ አንገቷን ቀና ሳታደርግ ማንጎራጎር ጀመረች። ትዝታ ነው። ከጊታሩ ጋር አንድ ላይ አይደለችም፤ ትንሽ ዘግየት ብላ፣ ከኋላ ትከተላለች። እኔ ቸኩዬ ስወርድ ዝም አለች።

«አይደለም፤ እዚያ ጋ ቆይ። ምን ያስሮጥሻል?» አለችኝ።

«የቱ ጋ እማዬ?»

«እዚያ ከፍ ያለው ጋ። ትንሽ አልቅሺበት እንጂ፣ ከዚያ ውረጂ።»

እናቴ በሕይወቷ የሙዚቃ መሣሪያ ነክታ አታውቅም። ኖታ አታውቅም። ግን ላ ላይ ስንት መቆየት እንዳለብኝ፣ ሶልን ነክቼ ወደ ሚ እንዴት መውረድ እንዳለብኝ፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። በቃል አይደለም፤ እያንጎራጎረች። ስሳሳት ታቆማለች፤ ሲስተካከል ትቀጥላለች። ምስሩ ሳይለቀም መሸ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታር ይዤ ምን እንደምጫወት አወቅሁ።

ያን ማታ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ያ ሁሉ እናቴ የምታውቀው ነገር እኔም ውስጥ አለ። ካሴት በሚዞርበት ቤት ነው ያደግኩት። ሲሳሳት የሚቆረቁረኝ ጆሮ ነበረኝ፤ የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው። ኮርድ በመማር ፈንታ ከቅኝት፣ የኛ ዜማ ከሚሠራባቸው ከእነዚያ ጥቂት ድምፆች፣ ብጀምር ኖሮ ዳኛው ከኔው ጋር ቤት ውስጥ ነበር።

ደግሞ ለጣትም ይቀላል። ከላይ የጻፍኳቸውን ስድስት ድምፆች ተመልከቱ። ሁለቱ ባዶ ክር ናቸው፣ ምንም አይጫኑም። ለቀሪዎቹ በአንድ ጊዜ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚሠራው፤ አመልካች ለአንደኛው ፍሬት፣ መሐል ጣት ለሁለተኛው፣ የቀለበት ጣት ለሦስተኛው። እጅ ከቦታው አይነቃነቅም። ኤፍ ኮርድ ላይ ወራት የፈጀ ሰው ይህን በአንድ ምሽት ይይዘዋል። ወዲያው ዘፈን ነው። ወዲያው የራሱ ዘፈን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከሁሉ የምወዳቸው ናቸው። አራቱን ቅኝቶች ጊታር አንገት ላይ መፈለግ ጀመርኩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። የትዝታን ሌላ መልክ፣ ማይነር የሚባለውን፣ ከላ ጀመርኩት፦ ላ፣ ሲ (የዶ ሬ ሚው ሲ እንጂ የሲ ሜጀሩ አይደለም)፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ላ ባዶ ክር ነው፣ ሲ እና ዶ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍሬት፤ ከዚያ ቀጣዩ ክር ላይ ሚ እና ፋ እንደገና ሁለተኛና ሦስተኛ ፍሬት። ጣቶቹ ሁለቱም ክር ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚመች የለም። አንድ ቀን እነዚሁኑ ድምፆች ከሚ ጀምሬ ወጣሁባቸው፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ሚ ላይ አረፍኩ። ቤቱ ተለወጠ። አምባሰል ነው! አንድም ድምፅ አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም። ማረፊያዬን ብቻ ነው የቀየርኩት። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይህን በመጀመሪያ ዓመታቸው እንደሚያውቁት እገምታለሁ። እኔ ግን ማታ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ በጣቴ ነው ያገኘሁት፤ ደስታው ሌላ ነው።

ክራርና ጊታር የሚለያዩበትም ያኔ ገባኝ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ የሚቃኘውም ለሚጫወቱት ቅኝት ነው። ትዝታ ላይ ተቃኝቶ ከሆነ የትኛውንም ክር ብትነኩ ከትዝታ አትወጡም። ግርፍ ሲሆን ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይመታል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለገውን ክር አፍነው ይይዛሉ። የሚሰማው ያልታፈነው ነው። ጊታር ግን 12ቱንም ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው። አምስቱን መርጦ ሰባቱን አለመንካት የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ለዚህ ነው ጊታር ላይ ከቅኝት መውጣት ቀላል የሆነው። ደግሞ ክራር በጆሮ ይቃኛል፣ ጥቂት ዝቅ ጥቂት ከፍ ማድረግ ይቻላል። ፍሬት ግን ቦታው ላይ የተቸነከረ ነው። እናቴ «አልቅሺበት» ያለችው ቦታ ላይ ክሩን በጣቴ ገፋ አድርጌ ድምፁን ትንሽ ካላጎበጥኩት፣ ትዝታው የሆነ ነገር ይጎድለዋል።

መስማት ራሱ ተለወጠብኝ። የክራር ተጫዋቾቹን አስናቀች ወርቁን እና ሜሪ አርምዴን ልጅ ሆኜም ሰምቻለሁ። አሁን ግን የምሰማው እጃቸውን ነው። አስናቀች አንድ ስንኝ ጨርሳ ቀጣዩን ከመጀመሯ በፊት ክራሯ የሚናገረውን። የሮሃ ባንድን ሙዚቃ ሳዳምጥም ከድምፃዊው ኋላ የሰላም ስዩምን ጊታር ፍለጋ እገባለሁ። ጊታር ተጫዋቹ ግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ከተባለው ባንድ ጋር የድሮዎቹን ዜማዎች ሲጫወት፣ ጊታር ይህን ቋንቋ እንደሚናገር አልጠራጠርም። እነሱ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ነው፤ እኔ እዚያ እደርሳለሁ ብዬ አይደለም። ግን በዚያ መንገድ ላይ ቆሜ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ችያለሁ።

እሺ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ካገኘሁ በኋላ ለምን እተወዋለሁ?

ኑሮ ነዋ። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ቤቴ የምገባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ የልጄን የቤት ሥራ ማየትም ይከብደኛል፣ እንኳን ጊታር። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡም ይመጣል፣ መብራትም ይጠፋል። አኩስቲክ ጊታር መብራት አይፈልግም። ክረምት ስለዚህ የኔ ወቅት ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እንደገና ይቆማል። እናቴ ሁዳዴን ሙሉ ዘፈን አትሰማም። «ልጄ፣ እስኪፈታ ተይው» ትለኛለች፤ እኔም ደስ እያለኝ እተወዋለሁ። 55 ቀን ነው። ቤታችን ውስጥ የሚሰማው መዝሙርና በገና ይሆናል። አሥሩ የበገና ክሮች እየነዘሩ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ጊዜውን ወስዶ፣ ሳይቸኩል ሲመጣ እሰማለሁ። እጄ ሥራ ፈትቶ ጆሮዬ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ከፋሲካ በኋላ ጊታሩን ሳነሳ ጣቴ ደንዝዟል፣ ቆዳው ለስልሷል፤ ግን ከበፊቱ ቀስ ብዬ ነው የምጫወተው። ይህ ለትዝታ ትልቅ ነገር ነው።

ለቅሶም አለ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአንዱ ቤት ሳል ሌላው ቤት ይሰማል። ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ጎረቤቴ ልጇን ወይም ባሏን አጥታ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ክር አልነካም። ሠልስቱ ቢያልፍም አልነካም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ የነበረች ጎረቤቴ ራሷ፣ አርባው ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ምነው ያቺ ጊታርሽ ጠፋች?» አለችኝ። «ተጫወቺ፤ ዝምታው ነው የከበደኝ» አለች። በዚያ ሳምንት ተመለስኩ። በሩን ዘግቼ አይደለም።

ውጭ አገር የሚሠሩ የመማሪያ ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፤ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘል። ለሚችል ሰው ጥሩ ምክር ነው። የኔ ዓመት ግን እንዲያ አልተሠራም። ዓመቴ ጾም አለው፣ ሰኔ አለው፣ ለቅሶ አለው። እነዚህን ሁሉ ሰርዤ ጊታር ብማር፣ ትዝታ የምጫወትለት ሰው አይቀረኝም።

ደግሞስ የተተወ ነገር እንዳለ ይጠፋል ያለው ማን ነው? ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት አለ። የተፈተነው ሰው ራሱ ነው። ትርጉም የሌላቸው ቃላት ደርድሮ በቃሉ ያጠናል፣ ይተዋቸዋል፣ ከዚያ እንደገና ያጠናቸዋል። የለካው ስንት እንደሚያስታውስ አይደለም፤ ሁለተኛ ሲያጠና ከመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንዳተረፈ ነው። ከ31 ቀን በኋላ ሲመለስ፣ ረስቼዋለሁ ብሎ ያሰበውን እንኳ ሲያጠና 21 ከመቶ ያህል ጊዜ ያተርፋል። ልብ በሉ፣ ያ ትርጉም የሌለው ቃል ነው። ዜማ ደግሞ ትርጉም አለው፣ እጅም የራሱ ትዝታ አለው።

እኔ በጣቴ የማየውም ይህንኑ ነው። ስመለስ ቆዳዬ ያመኛል፤ ያ የቆዳ ነገር ነው፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደነድናል። ግን ጣቴ ሳላየው ቦታውን ያገኛል። ድሮ ለማግኘት ሳምንት የፈጀብኝን አምባሰል፣ ከክረምት በኋላ ስመለስ ሻይ እስኪፈላ ድረስ አገኘሁት። አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከመተዌ በፊት ካለው ተሽሎ ይጠብቀኛል። ከሚ ወደ ፋ ስሸጋገር የቀለበት ጣቴን አስቀድሜ የማነሳበት ልማድ ነበረኝ፤ ከአንድ ረጅም ዕረፍት በኋላ ጠፋ። ለምን እንደሆነ ሳስብ፣ በየቀኑ ስለማመድ የነበርኩት ያንኑ ችኮላ ነበርና ነው።

ስለ ምት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ያ የፎቶኮፒ ወረቀት ሁሉንም ነገር አራት አራት እያለ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እኛ ሰርግ ላይ ትከሻችንን የምንነቀንቅበት ጭክጭካ ግን ስድስት ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ይሄዳል። ሜትሮኖሙን፣ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ አራት ላይ አድርጌ ባህላዊ ዜማ ስሞክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እደናቀፍ ነበር። ልጄ ናት የፈታችው። ሜትሮኖሙን አጥፍታ ጠረጴዛውን በመዳፏ መምታት ጀመረች፣ ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን የሚለማመዱትን እስክስታ። ቀኝ እጄ ወዲያው ተከተላት። ክሩን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ስድስት መቁጠርም አላስፈለገኝ። እሷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ማንም አላስተማራትም፤ ገብቷታል። አሁን የምቱ አስተማሪዬ እሷ ናት፣ የዜማው ደግሞ እናቴ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ከሁለቱ መሐል ተቀምጬ እማራለሁ።

ያ ወጣት አስተማሪም አልጠፋም። ቆይቼ አግኝቼው ትዝታዬን አሰማሁት። ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ከሥሩ ገባልኝ፣ በጣም በስሱ፣ አውራ ጣቱ ብቻ ክሩን እየነካ። ያኔ ኮርድ ምን እንደሆነ ገባኝ። ዜማው መጀመሪያ ስላለ፣ ኮርዱ የሚያርፍበት አገኘ። ለአዲስ ተማሪዎቹ አሁን ከቅኝት ነው የሚያስጀምራቸው። ኮርድ ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል፣ በደንብም ይይዙታል ብሎ አጫውቶኛል።

አሁን አንቺ ሆዬ ላይ ነኝ። ከባድ ነው። ከላ ጀምሬዋለሁ፤ ላ ባዶ ክር፣ ከዚያ አንደኛ ፍሬት። ቀጣዩ ክር ሬ ባዶውን፣ እንደገና አንደኛ ፍሬት፣ ከዚያ አራተኛ ፍሬት። የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። አመልካች ጣቴ አንደኛው ላይ ሆና ትንሿ ጣቴ እስከ አራተኛው መድረስ አለባት፤ የኔ እጅ ደግሞ ትንሽ ነው። አንጓዬን ወደ ፊት ሳወጣና የጊታሩን አንገት ትንሽ ቀና ሳደርግ ይደርሳል፣ ግን ድምፁ ገና ንጹሕ አይደለም፤ ዝዝ ይላል። እናቴ ሰምታው «የሙሽራ ዘፈን ነው ወይስ ንብ ገብቶ ነው?» ብላ ስቃለች። ልጄ ግን ከወዲሁ ጠረጴዛውን እየመታች ነው። ሚያዝያ ላይ ነን፤ ግንቦት አጋማሽ ሳይደርስ የመጀመሪያውን ሐረግ አጥርቼ ለመያዝ አስቤያለሁ። ካልሆነም ሐምሌ አለ።